ሸሪኮች ሲጣሉ ድርጅቱ እንዳይፈርስ፦ አዲሱ የንግድ ሕግ ያመጣው ለውጥ

ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ማርቀቅ የጀመሩትና እርሳቸው ሲያርፉ የአገራቸው ሰው ፕሮፌሰር አልፍሬድ ዦፍሬ የፈጸሙት የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፣ የዘውዱን ዘመን አልፎ፣ በደርግ ዘመን ትልልቅ ድርጅቶች ወደ መንግሥት እጅ ሲዞሩ ሥራ ፈትቶ፣ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ንግድ ሲያንሰራራ ደግሞ እንደገና የፍርድ ቤቶች የዕለት ተዕለት መሣሪያ ሆኖ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚደነግጉትን ክፍሎች ሙሉ በሙሉ የተካ ሲሆን፣ ስለ ማጓጓዝ፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ባንክ ሥራና እንደ ቼክ ስላሉ የሚተላለፉ የንግድ ሰነዶች የሚናገሩት ክፍሎች ግን አሁንም የ1952ቱ ሕግ ናቸው።

የንግድ ማኅበር ሕግ መሠረቱ የሕግ ሰውነት የሚባለው ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ማኅበሩ ከአባላቱ ተለይቶ በራሱ ስም ንብረት የሚያፈራ፣ የሚዋዋል፣ የሚከስና የሚከሰስ መሆኑ ነው። በተለምዶ ፒኤልሲ የሚባለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሲከስር አባሉ የሚያጣው በማኅበሩ ውስጥ ያዋለውን ገንዘብ እንጂ የመኖሪያ ቤቱን አይደለም። የቀድሞው ሕግ ግን ይህን ጥበቃ ለአንድ ሰው ብቻ አይሰጥም ነበርና፣ ብቻውን መነገድ የፈለገ ሰው ሁለት አባላት ያስፈልጋሉ የሚለውን መስፈርት ለማሟላት የትዳር ጓደኛውን ወይም ወንድሙን ጥቂት ድርሻ ሰጥቶ ለስም ያህል ያስመዘግብ ነበር፤ ይህ የስም አባልነት ኋላ ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ እውነተኛ የባለቤትነት ጥያቄ ሆኖ ችሎት ፊት ይቀርባል። አዲሱ ሕግ ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ፈቅዶ ይህን ችግር ከምንጩ ለማድረቅ ሞክሯል። ጥበቃው ግን ያለ ግዴታ የተሰጠ ስላልሆነ፣ ባለቤቱ የማኅበሩን ገንዘብ ከግል ገንዘቡ ሳይለይ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረቱ ጭምር ሊጠየቅ ይችላል።

በተመሳሳይ መንገድ ለሙያተኞች የተፈቀደው ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር አዲስ ዓይነት ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የወጣው የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በዚሁ ቅርጽ ድርጅት መሥርተው በጋራ እንዲሠሩ በር ከፍቷል።

በአክሲዮን ማኅበራት ረገድ ለውጡ ይበልጥ የሚሰማው አነስተኛ ድርሻ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ነው። በቀድሞው ሕግ የዳይሬክተሮች ቦርድ አባል መሆን የሚችለው ባለአክሲዮን ብቻ ስለነበር ቦርዱ ብዙ ጊዜ ትልቅ ድርሻ የያዙት ሰዎች መቀመጫ ነበር፤ አሁን ግን ባለአክሲዮን ያልሆኑ ባለሙያዎችም በቦርድ ሊገቡ ይችላሉ፣ ማኅበሩ ከፈለገም ሥራ አመራሩን የሚከታተል ተቆጣጣሪ ቦርድ ሊያቋቁም ይችላል። ጠቅላላ ጉባዔን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የማካሄድ መንገድም ስለተፈቀደ፣ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአገር ቤት ባንኮች አክሲዮን እንዲገዙ ለተፈቀደላቸው የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን ርቀት ድምፅ ላለመስጠት ምክንያት መሆኑ ሊቀር ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ሕጉ አስተሳሰብ የቀየረው በኪሳራ ጉዳይ ነው። ኪሳራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የድርጅቱ በር ታሽጎ ንብረቱ በሐራጅ ተሽጦ ገንዘብ ጠያቂዎች በየደረጃቸው መከፋፈላቸውን ነው፤ አዲሱ ሕግ ግን ዕዳው ከመክበዱ በፊት ባለዕዳውና ገንዘብ ጠያቂዎቹ ተደራድረው አከፋፈሉን የሚያስተካክሉበትንና ዕዳው ከከበደም በኋላ ድርጅቱ በፍርድ ቤት ጥበቃ ሥር ሆኖ በዕቅድ የሚደራጅበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ማሽኑ ከሚሸጥለት ይልቅ ማሽኑ ሠርቶ ዕዳውን የሚከፍልለት ገንዘብ ጠያቂ የተሻለ ያገኛልና፣ ሠራተኛውም እንጀራው አይቋረጥበትምና ይህ ለሁሉም የሚበጅ መንገድ ነው።

ክርክሩ የሚታይበት መድረክም ተለውጧል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ያያል፤ ተከራካሪዎችም ወደ ሙሉ ሙግት ከመግባታቸው በፊት ፍርድ ቤት መር አስማሚነት በሚባለው ሥርዓት ጉዳያቸውን በስምምነት ሊጨርሱ ይችላሉ። ተዋዋዮች ራሳቸው የመረጧቸው ዳኞች የሚወስኑበት የግልግል ዳኝነት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 አዲስ ሕግ አግኝቷል። የሰበር ሰሚ ችሎት በ2003 ዓ.ም. በብሔራዊ ማዕድን ኮርፖሬሽንና በዳኒ ድሪሊንግ መካከል በነበረው ክርክር፣ ተዋዋዮች የግልግል ውሳኔው የመጨረሻ ይሁን ብለው ቢስማሙም መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለ ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወስኖ ነበር፤ አዲሱ አዋጅ ግን ተዋዋዮቹ በሰበር አይታይ ብለው ከተስማሙ ስምምነታቸው እንዲከበር ደንግጓል። ይሁን እንጂ የኪሳራ ፍርድና የንግድ ማኅበር መፍረስ በግልግል እንዳይታዩ ተከልክለዋል፤ እነዚህ ውሳኔዎች በክርክሩ ያልተሳተፉትን ሠራተኞችና ገንዘብ ጠያቂዎች ጭምር ስለሚነኩ የመደበኛ ፍርድ ቤት ሥራ ሆነው መቅረታቸው ተገቢ ነው።

የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና ወጋገን ባንክ ቀዳሚ ሆኖ አክሲዮኑን ሲያስመዘግብ፣ እነዚህ ድንጋጌዎች የጥቂት ነጋዴዎች ጉዳይ መሆናቸው ቀርቶ በቁጠባው አክሲዮን የሚገዛው ሰው ሁሉ ጉዳይ ሆነዋል። ሕጉ ግን ያልተጻፈውን ውል ሊተረጉም፣ ያልተያዘውን ቃለ ጉባዔም ሊያነብ አይችልም። ስለዚህ ማኅበር የሚመሠርት ሰው በመመስረቻ ጽሑፉ ላይ ከመፈረሙ በፊት ትርፉ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ መውጣት የፈለገ አባል ድርሻውን ለማንና በምን ዋጋ እንደሚያስተላልፍ፣ ጠብ ቢነሣም ማን እንደሚዳኝ በግልጽ ያስጽፍ፤ አክሲዮን የገዛም ሰው ወደ ጉባዔው ሄዶ ሒሳቡን ይጠይቅ፤ ሸሪኮች ይህን በፍቅር ጊዜ ካላደረጉት በጠብ ጊዜ በስምምነት ሊያደርጉት አይችሉም።