ከጉሮሮ ተነሥቶ በልብ የሚቀመጠው በሽታ

ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው በየቤቱ የሚደረገው የታወቀ ነው። አንዱ ጤና አዳም አፍልቶ ያጠጣዋል፤ ሌላው እንጥሉ ወርዶ ነው ብሎ ወደ ቆራጭ ይወስደዋል። ሕመሙ ከጥቂት ቀን በኋላ በራሱ ሲተወው ነገሩ ይረሳል። በእውነቱ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም እንዲሁ የሚያልፍ ነው። ነገር ግን ስትሬፕቶኮከስ በሚባል በዓይን በማይታይ ተሐዋሲ የመጣ እንደ ሆነ፥ በአንዳንድ ልጅ ላይ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ በሌላ መልክ ይመለሳል። ትኩሳት ይነሣል፤ ጕልበት፥ ቍርጭምጭሚትና ክርን በየተራ ያብጣሉ። ሐኪሞች ይህን ሩማቲክ ትኩሳት ይሉታል።

ምክንያቱም የሰውነት መከላከያ ኃይል ተሐዋሲውን ሊያጠፋ ሲነሣ የገዛ ልቡንም አብሮ ስለሚጎዳ ነው። የመገጣጠሚያው እብጠት ይድናል፤ ቫልቭ የሚባሉት የልብ በሮች ግን ጠባሳ ይይዛሉ፤ በሽታው በተደጋገመ ቍጥርም ጠባሳው ይበረታል። በሩ እንደሚገባ መከፈትና መዘጋት ሲያቅተው፥ ወጣቱ ዳገት መውጣት ይሳነዋል፤ እግሩ ያብጣል። በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በእርግዝና ወራት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁለት ነፍስ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ኢኮ የሚባለው፥ ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳየው መሣሪያ ከመጣ ወዲህ አንድ አስደናቂ ነገር ታወቀ። ምንም ሕመም የማይሰማቸው፥ ከጓደኞቻቸው ጋር ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ገና የጀመረ የልብ በር ጉዳት ተገኘባቸው። እነዚህን በየወሩ መርፌ መውጋት ይጠቅማቸዋልን? ወይስ በከንቱ ማሠቃየት ነው? መልሱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ከዑጋንዳ መጣ። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆነ 102,200 ልጆች በኢኮ ታዩ። ጉዳቱ ከተረጋገጠባቸው መካከል 818ቱ በሁለት ተከፍለው ሁለት ዓመት ተጠበቁ፤ አንደኛው ክፍል በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን ሲወጋ ሌላው ሳይወጋ ክትትል ተደረገለት። ሳይወጉ ከቆዩት 33ቱ፥ ማለት ከመቶ 8.2፥ ልባቸው ባሰበት። ከተወጉት የባሰባቸው 3 ብቻ፥ ማለት ከመቶ 0.8 ናቸው። ተመራማሪዎቹ ግን ኢኮ ይዞ በየተማሪ ቤቱ መዞር ይጀመር አላሉም፤ አስቀድሞ ሌላ ጥናት እንደሚያስፈልግ ጽፈዋል። እኛም ከዚህ አናልፍም።

መርፌው ያማል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ከሕመሙም ይልቅ ሰውን የሚያስፈራው "መርፌ ገደለው" የሚለው ወሬ ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ጥቂት ነው፤ በዑጋንዳው ጥናት የታየው ብርቱ አለመስማማት አንድ ሲሆን እርሱም ቀላል ነበር። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ባወጣው ምክር፥ ልባቸው ክፉኛ በተጎዳ ሰዎች ላይ የደረሰው ድንገተኛ ሞት ከመድኃኒቱ አለመስማማት ይልቅ ከልባቸው ድካም የመጣ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጿል። ለእነዚህ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ይታሰብላቸዋል፤ ምርጫው ግን የሐኪም ነው።

አንዲት እናት "ዶክተር፥ ልጄ ድናልኛለች፤ እንግዲህ ለምን ትወጋለች?" ብለውናል። ልጅቱ ስድስት ወር መርፌዋን ትታ ነበር። በጠየቅናት ጊዜ ግን ሌላ ምክንያት ሰጠችን፤ በቀጠሮዋ ቀን ከክፍል ስትጠፋ ቀሪ እየተባለች ትቀጣ ኖሯል። መምህሯ ነገሩን አያውቁም፤ እርሷም አፍራ አልነገረቻቸውም። ይህን ስንሰማ ጥፋቱን በእናቲቱ ላይ ብቻ መጫናችን አሳፈረን።

ክቡራን መምህራን፥ መርፌው ዓመታት፥ ለአንዳንዱም ልጅ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሚቀጥል ስለ ሆነ፥ በክፍላችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ የቀጠሮውን ቀን ከወላጆቹ ተረድታችሁ በመዝገባችሁ ጻፉት። ሳልና ንፍጥ ሳይኖር ድንገት ትኩሳት የያዘው፥ መዋጥ ያቃተው፥ የአንገቱም ዕጢ ያበጠ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ሕክምናው ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተሰጠ ሩማቲክ ትኩሳትን ይከለክላል። እንጥል መቍረጥ ግን መድማትንና መመረዝን ያመጣል እንጂ ልብን አያድንም። የሚወጋውም ልጅ አስቀድሞ ቍርሱን ይብላ፥ ውሃም ይጠጣ፤ ሲወጋም ተጋድሞ ይሁን።