አሰልጣኙ ሲሸነፍ ዳይሬክተሩ የት ነው?

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አሰልጣኝ የሚቀጥረው፣ በጀት የሚመድበውና ሲያስፈልግም የሚያሰናብተው የስፖርት ዳይሬክተሩ ነው። በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን፣ በዲቪዥን 1 የሚወዳደር ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ 14 የስፖርት ቡድኖች ሊኖሩት ይገባል። ስለዚህ አንድ ዳይሬክተር ከቅርጫት ኳስ እስከ ውሃ ዋና በርካታ አሰልጣኞችን ይመራል። ከባዱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው፤ ነገ ሊያሰናብተው ለሚችል ሰው ጭንቀቱን በቀላሉ የሚያዋይ አሰልጣኝ የለም።

ቅርርቡን መጀመር ያለበት እንግዲህ ሥልጣን ያለው ወገን ነው። ጥሩ ዳይሬክተር አሰልጣኙን ቢሮ ከመጥራት ይልቅ ራሱ ወደ ልምምድ ሜዳ ይወርዳል። ቴሌቪዥን የማያሳያቸውን ውድድሮችም ይከታተላል፤ የአገር አቋራጭ ሩጫ አሰልጣኝ አለቃውን በዝናብ ከመሮጫው ዳር ቆሞ ሲያየው ልፋቱ እንደተቆጠረለት ይገባዋል። ቋሚ የመገናኛ ሰዓትም ይኖራቸዋል። ወሬው ስለ ውጤት ብቻ አይሆንም፤ የረዳቶቹ ደመወዝ፣ የጉዞው ድካም፣ ቅዳሜና እሑድ አባቱን የማያገኝ ልጅም ይነሳል። ወቀሳ ካለ በር ተዘግቶ ይነገራል፤ ድጋፍ ግን በአደባባይ ነው። ቅር ያለው ወላጅ ሲመጣም ዳይሬክተሩ አስቀድሞ «አሰልጣኙን አነጋግረሃል?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህ መተማመን የሚፈተነው ቡድኑ ሲሸነፍ ነው። በኖርዝ ካሮላይና የሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ዳይሬክተር የነበሩት ቶም በተርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ማይክ ሸሸፍስኪን ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ ቀጠሩ። ሰውዬው ቀድሞ ባሠለጠነበት የአሜሪካ ወታደራዊ አካዳሚ ባሳለፈው የመጨረሻ ውድድር ዘመን 9 አሸንፎ 17 ተሸንፎ ነበር። በዱክ የመጀመሪያ ሦስት ዓመታትም ቡድኑ 38 ጊዜ አሸንፎ 47 ጊዜ ተሸነፈ፤ ደጋፊው «ይባረር» አለ። በተርስ ግን በ1984 መጀመሪያ ላይ ውሉን አራዘሙለት። በ1991 የመጀመሪያው ብሔራዊ ዋንጫ መጣ፤ አሰልጣኙ በ2022 ጡረታ ሲወጣ የዋንጫዎቹ ቁጥር 5 ደርሶ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ግን «ወዳጅ አይሰናበትም» የሚል ትምህርት መውሰድ ስህተት ነው። ቅርርብ ግምገማን አይተካም፤ በተጫዋች ላይ የሚደርስ በደልን መሸፈኛ ከሆነማ ጭራሹን አደገኛ ነው። ለዚህም ነው ከአሰልጣኙ የሚጠበቀው ነገር በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ በጽሑፍ የሚሰጠው፣ በየመሃሉም በግልጽ የሚነጋገሩበት። በመልካም ግንኙነት ውስጥም አሰልጣኝ ሊሰናበት ይችላል፤ ምክንያቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው በስንብቱ ቀን ከሆነ ግን ዳይሬክተሩም ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።