ወፍራሙ፣ ቀጭኑና ፒያኖው

ሁለት ሰዎች በአንድ ፈረስ በሚጎተት ጋሪ ላይ ፒያኖ ጭነው ይመጣሉ። የሚያደርሱበት ቤት ያለው ከአንድ ረጅም ደረጃ ጫፍ ላይ ነው። ታሪኩ ይኸው ነው፤ ሌላ የለውም። “ዘ ሚዩዚክ ቦክስ” የተባለው ይህ አጭር ፊልም በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወጥቶ በአጭር ኮሜዲ ዘርፍ ኦስካር ተሸልሟል። ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ደረጃው ዛሬም በሎስ አንጀለስ ከተማ ሲልቨር ሌክ በሚባለው ሰፈር አለ፤ የፊልሙ ወዳጆች እየሄዱ ይወጡታል፣ ይቆጥሩታል።

ተዋናዮቹ ኦሊቨር ሃርዲና ስታን ሎረል ናቸው። ወፍራሙ ሃርዲ የአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ተወላጅ ነው። ቀጭኑ ሎረል እንግሊዛዊ ሲሆን በ1910 ከፍሬድ ካርኖ የመድረክ ቡድን ጋር አሜሪካ ሲመጣ በዚያው ቡድን ውስጥ የቻርሊ ቻፕሊን ተተኪ ተዋናይ ነበር። በ1927 በሃል ሮች ስቱዲዮ በይፋ ተጣመሩ፤ ከዚያ በኋላ አብረው የታዩባቸው ፊልሞች ከመቶ ይበልጣሉ። ቻፕሊንን የሚያውቅ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን በስም ባያውቅ እንኳ በመልክ ያውቃቸዋል፦ ክብ ባርኔጣ፣ ጠባብ ኮት፣ አንዱ በርሜል፣ ሌላው ሸምበቆ።

ብዙ ሰው የእንዲህ ዓይነቱ የማይገጥም ጥንድ ምስጢር የቁመናው ልዩነት ይመስለዋል። ቁመናውማ የሚያገለግለው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ብቻ ነው። “አንዱ ብልህ፣ አንዱ ሞኝ” የሚለው ማብራሪያም ከሎረልና ሃርዲ ጋር አይሄድም። ሁለቱም ሞኞች ናቸው። ልዩነቱ ሃርዲ ሞኝ መሆኑን አለማወቁ ነው። ወፍራሙ አውቃለሁ ባይ ነው፤ በር ላይ ሲደርሱ “እኔ ልቅደም” ይላል፣ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ክራቫቱን በጣቶቹ እያርገበገበ ለወይዛዝርት ይሽኮረመማል። ስለዚህም ጉድጓዱ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው። ቀጭኑ የታዘዘውን በቀና ልብ ይፈጽማል፤ ጥፋቱ የሚመጣው ደግሞ በትክክል ከመፈጸሙ ነው። የወደቀው ሰው አንድ ብቻ ቢሆን አደጋ ነው ብለን እናልፈው ነበር፤ አጠገቡ “ያንተ ጥፋት ነው” የሚለው ሰው ሲኖር ግን ነገሩ ትዳር የመሰለ ጭቅጭቅ ይሆናል። የምንስቀው በጭቅጭቁ ነው።

ወደ ደረጃው እንመለስ። ፒያኖው ያለበትን ሣጥን ግማሽ መንገድ እንዳደረሱ ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሞግዚት ከላይ ትመጣና አሳልፉኝ ትላለች። ሊያሳልፏት ሲሞክሩ ፒያኖው ከእጃቸው አምልጦ እየተንደረደረ መንገዱ ላይ ይወርዳል። ሞግዚቷ በሳቅ ትፈርሳለች። ሎረል ሳያስብ ከኋላዋ በእርግጫ ይላታል፤ እሷም ዞራ ታቀምሰዋለች። በዚህ ጊዜ ሃርዲ ይስቃል። የሕፃኑን ጡጦ የምትሰብረው ግን በሃርዲ አናት ላይ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፦ የመታው ቀላሉን ቅጣት ተቀበለ፣ የሳቀው ከባዱን። በዚህ ዓለም ውስጥ ከጥፋት ይልቅ ትዕቢት ያስከፍላል።

ከዚያ ደግሞ ጫፍ ይደርሳሉ። እዚያ ያገኙት ፖስተኛ፣ ዙሪያውን በሚያመጣው የመኪና መንገድ ጋሪውን ይዘው መምጣት ይችሉ እንደነበር ይነግራቸዋል። ማንም ጤነኛ ሰው ይራገምና ፒያኖውን ወደ ቤቱ ያስገባዋል። እነሱ ግን ያን ሁሉ ደረጃ ተሸክመው መልሰው ያወርዱትና በጋሪ ጭነው በትክክለኛው መንገድ ይመጣሉ። በዚህ ፊልም ውስጥ ከዚህች ውሳኔ የሚበልጥ ቀልድ የለም፤ ማንም አልወደቀባትም፣ ማንም አልተመታባትም።

የዘመኑ ኮሜዲ ሩጫ ነበር፤ ሎረልና ሃርዲ ፍጥነቱን ቀነሱት። አንድ ነገር ሊወድቅ መሆኑን ተመልካቹ ቀድሞ ያያል፣ ይጠብቃል፣ ይወድቃል። ከዚያ ሃርዲ ወዲያው አይጮህም፤ ቀስ ብሎ አንገቱን ያዞርና በቀጥታ ካሜራውን ያያል። “ከማን ጋር እንደምኖር አያችሁልኝ?” የሚል ዓይን ነው። ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ ብዙ የድምፅ አልባው ዘመን ኮሜዲያን ሲቸገሩ እነሱ መላ አገኙበት። ሃርዲ ከእይታ ውጭ ይወድቃል፣ ኳኳታው ይሰማል፣ ካሜራው ግን የሎረልን ፊት እያሳየ ይቆያል። አወዳደቁን እያንዳንዱ ተመልካች በራሱ ጭንቅላት ይሠራዋል።

ከመድረክ ጀርባ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ቀልዶቹን የሚፈለስፈው፣ ከዳይሬክተሮቹ ጎን ቆሞ የሚያርመውና ፊልሙ ሲቆራረጥና ሲቀጠል አብሮ የሚቀመጠው “ደነዙ” ሎረል ነበር። ሃርዲ የቀኑን ሥራ ጨርሶ ጎልፍ ሊጫወት ይሄዳል። ያልተጠናቀቀውን ፊልም በአዳራሽ ለተመልካች ያሳዩና ሳቁ የት ላይ ምን ያህል እንደቆየ አይተው የትዕይንቱን ርዝመት ያስተካክሉ ነበር። ዛሬ በስልክ ብቻችንን ስናየው አንዳንዱ ቦታ የዘገየ የሚመስለን በዚህ ምክንያት ነው፤ ክፍተቱ ለአዳራሽ ሙሉ ሳቅ የተተወ ነው።

ጥንድ ቀልድ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰን፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩን በቴሌቪዥን አይቶ ያደገ ሰው አንዱ ሲያካብድ ሌላው ሲያፈርስ ምን ዓይነት ሳቅ እንደሚወለድ ይረዳል። የእኛዎቹ ግን የበለጠ በአፍ ነው የሚሠሩት፤ ቃል መወራወር ላይ ነን። ሎረልና ሃርዲ ቋንቋ ለማያውቅ ሰው መድረስ የቻሉት ቀልዱን በዕቃና በአካል ላይ ስላሳረፉት ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የመጀመሪያው ርዝመት ነው። ቀልዱ የቆመው ሁለቱ ሰዎች ምንም ባለመማራቸው ላይ ነው፤ ረጅም ታሪክ ደግሞ የሚለወጥ ሰው ይፈልጋል። ለሃያ ደቂቃ አለመማር ያስቃል፤ ከሰዓት በላይ ሲሆን ያደክማል። ስቱዲዮው ረጅም ፊልሞች ሲያሠራቸው ክፍተቱን በዘፈንና በሌሎች ሰዎች ፍቅር መሙላት የተገደደው ለዚህ ነው። የ1936ቱ “ዘ ቦሂሚያን ገርል” ኦፔራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ዘፈኑ ሲጀመር ሻይ ለማፍላት የሚነሳ ተመልካች አይፈረድበትም። የተሳካላቸው የ1933ቱ “ሰንስ ኦቭ ዘ ዴዘርት” ሲሆን እሱም ያለ ምክንያት አይደለም። ሃርዲ ታሞ ለሕክምና በመርከብ ሃዋይ እንደሚሄዱ ለሚስቶቻቸው ይዋሹና ቺካጎ ወደሚደረግ የማኅበር ስብሰባ ይሾልካሉ፤ ተሳፍረውበታል የተባለው መርከብ ደግሞ ይሰጥማል። እዚህ ታሪኩን የሚገፋው ውሸቱ ራሱ ስለሆነ ሰዎቹ ባይለወጡም ነገሩ እየከፋ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጉድለት ቀልዱ በማን ላይ ያርፋል የሚለው ነው። በ1929ኙ ድምፅ አልባ “ቢግ ቢዝነስ” ሁለቱ ለአንድ ቁጡ ሰው የገና ዛፍ ሊሸጡ ሄደው ይጣላሉ። እሱ መኪናቸውን፣ እነሱ ቤቱን ያፈርሳሉ፤ አንዱ ሲያፈርስ ሌላው ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፤ ፖሊሱ ደግሞ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በማስታወሻ ደብተሩ ይመዘግባል። እኩያ ከእኩያ ስለሆነ ይጥማል፤ ደምም የለበትም። በሌሎቹ ፊልሞች ግን ሚስቶቹ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ሳህን የሚወረውሩ ጨቋኞች ናቸው፣ ባሎቹ ምስኪን ልጆች። በ1931ዱ “ፓርደን አስ” ደግሞ ከእስር ቤት አምልጠው ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው ከጥጥ ለቃሚ ጥቁሮች መሀል የሚደበቁበት ትዕይንት አለ። “ዘመኑ ነው” ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ ለእኔ ግን ያ ቦታ ላይ ሳቁ ይቆማል። ከልጆች ጋር የሚያይ ወላጅ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። በ1940 ከሮች ስቱዲዮ ተለይተው ወደ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሲሄዱ ሎረል በጽሑፉም በአቀናባሪነቱም ላይ የነበረውን ሥልጣን አጣ። ሁለቱም ሃምሳ ዓመት አካባቢ ነበሩ። የሰላሳ አምስት ዓመት ሰው ከደረጃ ሲወድቅ ይሳቅበታል፤ ፊቱ የተጨማደደ ሰው ሲወድቅ ግን ተመልካቹ “ተጎዳ ይሆን?” ይላል፣ ያ ጥያቄ ከመጣ ደግሞ ኮሜዲው አበቃለት። በፈረንሳይ የተሠራውና በ1951 የወጣው የመጨረሻ ፊልማቸው “አቶል ኬ” ሎረል በጠና ታሞ የተቀረጸበት ስለሆነ ክሳቱ በግልጽ ይታያል፤ ለማየት ይከብዳል። ጂም ካሪና ጄፍ ዳንኤልስ ለ1994ቱ ፊልማቸው “ደም ኤንድ ደመር” በ2014 ተከታይ ሲሠሩለት የገጠማቸው ችግርም የዚሁ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከሃምሳ አልፈው ያንኑ የልጅ ሞኝነት መጫወት ነበረባቸው።

ለመጀመር የሚፈልግ ሰው “ቢግ ቢዝነስ”ን ያስቀድም፤ ቋንቋ አይጠይቅም፣ ሃያ ደቂቃም አይፈጅም። ቀጥሎ “ዘ ሚዩዚክ ቦክስ”። በአንድ ቁጭታ አምስት ስድስት መደርደር ግን አይመከርም፤ እነዚህ አጫጭር ፊልሞች የተሠሩት በሲኒማ ቤት ከዋናው ፊልም ጋር አንድ በአንድ እንዲታዩ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ሃርዲ ገና በሩን ሳይከፍት ምን እንደሚወድቅበት ማወቅ ይጀምራሉ።