እህል የማይፈጩት የኪንደርዳይክ ወፍጮዎች

«የነፋስ ወፍጮ» ሲባል እኛ የምናስበው እህል ነው፡፡ ከካፔለ አን ደን አይሰል ብዙ ሳይርቅ በኪንደርዳይክ የቆሙት 19 ወፍጮዎች ግን ዱቄት አይተው አያውቁም፤ ሥራቸው ውሃ መዛቅ ነበር፡፡

ምክንያቱ ከአፈሩ ይጀምራል፡፡ ምድሩ በረግረግ ውስጥ የተከማቸ የዕፅዋት ብስባሽ ነው፡፡ በመካከለኛው ዘመን ገበሬዎች ቦይ እየቀደዱ ውሃውን ባፈሰሱ ቁጥር መሬቱ ደርቆ ሰመጠ፤ በሰመጠ ቁጥርም ውሃው በራሱ ወደ ወንዝ መውረድ ተሳነው፡፡ ማሳውን ያለማው እጅ ራሱ ማሳውን አሰመጠው ማለት ይቻላል፡፡

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1738 ስምንት የጡብ፣ በ1740 ደግሞ ስምንት ሸምበቆ የለበሱ ወፍጮዎች ተሠሩ፡፡ ባለወፍጮው ከነቤተሰቡ እዚያው ይኖራል፡፡ ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ ከኋላ በተያያዘው ረጅም ዘንግ የወፍጮውን አናት አዙሮ ክንፎቹን ከነፋሱ ፊት ለፊት ያቆማል፤ እንደ ነፋሱም ብርታት በክንፎቹ ላይ ሸራ ይዘረጋል ወይም ይጠቀልላል፡፡ የክንፎቹ ዙር በጥርሳም የእንጨት መንኰራኩሮችና በቋሚ ምሰሶ አማካይነት ወርዶ፣ ከታች ያለውን ባለመቅዘፊያ መንኰራኩር ያሽከረክራል፡፡ ይህም ውሃውን እየዛቀ ከፍ ወዳለው ማጠራቀሚያ ይገፋዋል፤ የሌክ ወንዝ ሲጎድል በሩ ተከፍቶ ይለቀቃል፡፡ አንድ መንኰራኩር ውሃውን ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አሳልፎ ማንሣት ስለማይችል፣ ሥራው በደረጃ የተከፋፈለ ነበር፡፡

በ19ኛው ምእተ ዓመት የእንፋሎት ኃይል መጣ፤ ዛሬ ድካሙ የፓምፖች ነው፡፡ ዩኔስኮ ወፍጮዎቹን በ1997 በዓለም ቅርስነት መዘገበ፡፡ በካፔለ አጎራባች የሚገኘው የአገሪቱ ዝቅተኛ ሥፍራ ከባሕር ጠለል በታች 6.76 ሜትር ሲሆን፣ ብስባሹ አፈርም መስመጡን ገና አልተወም፡፡