ሳይቃጠል በቅጠል፤ መርከብና መብረቅ

በጥንት ዘመን በባሕር የሚጓዝ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ማዕበልን፥ ዓለትንና የባሕር ወንበዴን ነበር። ዛሬ ግን የመርከብ አዛዥ መንገዱን የሚያውቀው ከሳተላይት በሚደርሰው ምልክት፥ የውኃውን ጥልቀት የሚለካው በድምፅ ሞገድ፥ ከጨነቀውም እርዳታ የሚጠራው በራዲዮ ስለሆነ፥ በጥንቶቹ ጠላቶች ላይ አንድ ሌላ ጠላት ተጨምሮበታል። ይኸውም እነዚህን ረቂቅ መሣሪያዎች በአንድ ቅጽበት ከአገልግሎት ውጭ የሚያደርጋቸው ያልተገራ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የአንድ ራዲዮ መቃጠል በየብስ ላይ የገንዘብ ኪሣራ ነው፤ በባሕር መካከል ግን የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ነገሩ መርከበኞችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን ብዙ ገንዘብ የወጣበትን መሣሪያ በአንዲት ትንሽ ፊውዝ እጦት ሲያቃጥል የምናየው መሥሪያ ቤት ጥቂት ስላልሆነ፥ መርከበኞች በብዙ መከራ የተማሩትን ትምህርት እኛም ብንመለከተው የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይደለም።

ታሪኩን ከመነሻው እንጀምር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መርከብ ከእንጨት ይሠራ በነበረበት ጊዜ፥ በሰፊው የውኃ ሜዳ ላይ ብቻውን ከፍ ብሎ የሚታየው የሸራው ምሰሶ ስለነበር መብረቅ የሚያዘወትረው እሱኑ ነበር። እርጥበት ያለው እንጨት በመብረቅ ሲመታ፥ በውስጡ ያለው ውኃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ምሰሶውን ይሰነጥቀዋል። አንዳንድ ጊዜም ጉዳቱ በምሰሶ ብቻ አይቆምም። በ1798 ዓ.ም. «ሬዚስታንስ» የተባለችው የእንግሊዝ የጦር መርከብ በሱማትራ አጠገብ፥ ባንካ በተባለው ጠባብ የባሕር መተላለፊያ ላይ ሳለች በመብረቅ ተመትታ፥ እሳቱ ከባሩድ ማከማቻዋ ስለ ደረሰ ፈንድታ ጠፋች። ከብዙ መቶ ሠራተኞቿ የተረፉት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

የሚያሳዝነው ግን መድኃኒቱ በዚያን ጊዜ ያልታወቀ አለመሆኑ ነው። መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑ በ1752 ዓ.ም. በፈረንሳይና በአሜሪካ በተደረጉ ሙከራዎች ተረጋግጦ፥ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያሰበው የብረት ዘንግ በየቤቱ ጣራ ላይ መተከል ጀምሮ ነበር። ለመርከቦችም የመዳብ ሰንሰለት ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ነገር ግን ሰንሰለቱ በሣጥን ውስጥ ይቀመጥና፥ ደመና በከበደ ጊዜ ብቻ ወጥቶ ከምሰሶው ጫፍ እስከ ባሕሩ እንዲዘረጋ ነበር የታሰበው። ማዕበል በድንገት ሲነሣ ሠራተኛው ሁሉ ሸራ ለመጠቅለል ይራወጣል፤ ሰንሰለቱን የሚያስታውሰው አይኖርም። ስለዚህ መርከቡ መከላከያው በሣጥኑ ውስጥ እያለለት በመብረቅ ይመታ ነበር።

ይህን ስሕተት ለማረም የተነሣው ዊልያም ስኖው ሃሪስ የተባለ የፕሊመዝ ከተማ ተወላጅ፥ በሙያው ሐኪም የነበረ ሰው ነው። ሃሪስ በ1820 ዓ.ም. ያቀረበው አሳብ ቀላል ነበር፤ የመዳብ ጠፍጣፋ በራሱ በምሰሶው ላይ ተለብጦ፥ ከጫፉ ጀምሮ እስከ መርከቡ ወለል ድረስ ሳይቋረጥ ወርዶ ከባሕሩ ጋር ይገናኝ የሚል ነው። እንግዲህ ሠራተኛው ቢያስታውስም ባያስታውስም መከላከያው ዘወትር በቦታው ይገኛል ማለት ነው። ይሁን እንጂ «መዳቡ መብረቁን ወደ መርከቡ ይስበዋል» እያሉ የተቃወሙት ብዙዎች ስለነበሩ ክርክሩ ረጅም ዓመታት ፈጀ። በ1831 ዓ.ም. ቻርልስ ዳርዊንን ይዛ ዓለምን ለመዞር የተነሣችው «ቢግል» የሃሪስ መዳብ ከተገጠመላቸው መርከቦች አንዷ ነበረች። አዛዧ ሮበርት ፊትዝሮይ ከአምስት ዓመት ጉዞ በኋላ ሲመሰክር፥ መርከቧ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በመብረቅ ሳትመታ እንዳልቀረች፥ ነገር ግን አንዳች ጉዳት እንዳላገኛት ገልጿል። ከዚህ በኋላ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ዘዴውን ተቀበለ፤ ሃሪስም በ1847 ዓ.ም. የ«ሰር» ማዕርግ ተሰጠው።

ከሃሪስ ሥራ የምንረዳው ዋና ነገር መብረቅን ማገድ እንደማይቻል ነው። የሚቻለው ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ሰጥቶ ማሳለፍ ብቻ ነው። መንገድ ያጣ መብረቅ በእንጨቱ፥ በሽቦውና በሰው አካል በኩል መንገድ ያወጣል።

ቢግል ከወደብ በተነሣችበት በዚያው በ1831 ዓ.ም. ሌላ ታላቅ ነገር ተገኝቶ ነበር። ማይክል ፋራዴይ የማግኔት መስክ ሲለዋወጥ በአጠገቡ ባለ ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደሚፈጥር አረጋገጠ። ዛሬ የመርከብ መሣሪያዎች ለምን እንደሚቃጠሉ የሚገልጽልን ይኸው ሕግ ነው። በአንድ መብረቅ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል በአብዛኛው ወደ 30,000 አምፔር ይደርሳል፤ ይህም የሰከንድ ሚሊዮንኛ በሆኑ ጥቂት ክፍሎች ውስጥ ይነሣል። እንዲህ በፍጥነት የሚለዋወጥ ኃይል በአቅራቢያው ባሉ ሽቦዎች ሁሉ ውስጥ ድንገተኛ ግፊት ይፈጥራል። የጀልባ ራዲዮ የተሠራው ለ12 ቮልት ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሲደርስበት ሊቋቋመው አይችልም። ስለዚህ መብረቁ ራሱን ጀልባውን ሳይመታ፥ በአጠገቡ ውኃው ላይ ቢወድቅ እንኳ መሣሪያ ሊቃጠል ይችላል።

ታላላቆቹ የብረት መርከቦች ሰውነታቸው ራሱ መተላለፊያ ስለሆነላቸው ዕድለኞች ናቸው። ከእንጨት ወይም ከፋይበር ግላስ የተሠራ ጀልባ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፥ ከምሰሶው ጫፍ እስከ ውኃው ውስጥ እስከሚገኝ የብረት ሰሌዳ ድረስ ወፍራም የመዳብ ገመድ ያለ ሹል መታጠፊያ መውረድ አለበት። ሁለተኛ፥ ሞተሩን የመሰሉ ትላልቅ ብረቶች ከዚሁ ጋር መያያዝ አለባቸው፤ አለዚያ መብረቁ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ሦስተኛ፥ የመሣሪያዎቹ ሽቦዎች ከመብረቁ መንገድ ርቀው መዘርጋትና አዎንታዊውና አሉታዊው እርስ በርሳቸው መገመድ ይገባቸዋል። አራተኛ፥ የአንቴናውና የኃይሉ መግቢያ ላይ ከልክ ያለፈውን ግፊት የሚያሳልፍ መከላከያ ይገጠማል። አምስተኛ፥ ማዕበል ከመድረሱ በፊት አንቴናውና የኃይሉ ሽቦ መነቀል አለባቸው። እዚህ ላይ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ብዙ ኪሎ ሜትር አየር አቋርጦ የመጣ መብረቅ በማጥፊያው ውስጥ ያለችው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት አታስቆመውምና።

ብልኅ መርከበኞች ደግሞ አንዲት የእጅ ራዲዮና አንድ የአቅጣጫ መሣሪያ በማብሰያ ምድጃ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ይህ ቀልድ አይደለም። ዙሪያው በብረት የተከበበ ነገር ከውጭ ኤሌክትሪክ እንደሚጠበቅ ያው ፋራዴይ በ1836 ዓ.ም. አሳይቷል። ምድጃ ከሌለ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የብረት ሣጥን ይበቃል። ታዲያ ሁሉም ነገር ቢቃጠል እንኳ እርዳታ የሚጠራ አንድ ድምፅ ይቀራል።

ይህ ሁሉ ስለ መብረቅ ነው። የዘወትሩ ጠላት ግን በጀልባው ውስጥ ይኖራል። ሞተር በሚነሣበት ጊዜ ሞተሪኖው በመቶ የሚቆጠር አምፔር ስለሚስብ የባትሪው ቮልት ይወርዳል፤ ከዚያው ባትሪ ላይ ያለው መሣሪያ ይጠፋል ወይም ይዛባል። ስለዚህ ለመሣሪያዎቹ የተለየ ባትሪ ማድረግ ይበጃል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ባትሪውን መፍታት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ዲናሞው የሚያመነጨውን የሚቀበልለት ስለሚያጣ፥ ባለ 12 ቮልቱ መስመር በአንድ ጊዜ ከብዙ አሥር ቮልት በላይ ይዘላል። ፊውዝም ከባትሪው አጠገብ መሆን አለበት፤ ዋና ሥራው ሽቦው ግሎ እሳት እንዳያስነሣ መጠበቅ ነውና። በተቃጠለ ፊውዝ ቦታ የሽቦ ቁራጭ ወይም የሲጋራ ብር ወረቀት የሚያስገባ ሰው፥ ጠባቂውን አሰናብቶ በሩን ለሌባ የከፈተ ሰው ነው።

ነገሩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ጣና ገዳማት በሞተር ጀልባ የሚጓዘው ሰው ብዙ ነው፤ በክረምትም ነጐድጓድ በሐይቁ ላይ ይበረታል። የሐይቅ ውኃ ጨው ስለሌለው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ከባሕር ውኃ በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በሐይቅ ላይ የሚሄድ ጀልባ የብረት ሰሌዳው ሰፋ ያለ መሆን ይገባዋል። ተሳፋሪም ብልጭታው ከታየበት እስከ ድምፁ ያለውን ሰከንድ ቆጥሮ ለሦስት ቢያካፍል፥ የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር ያገኛል። ነጐድጓድ ከተሰማ ግን ከሁሉ የሚሻለው ወደ ዳር መውጣት ነው፤ ያልተቻለም እንደሆነ ዝቅ ብሎ ተቀምጦ ከምሰሶና ከብረት እጅን መሰብሰብ ነው።

በሌላ በኩል በባሕር ዳር የመርከብ ሙያ የተማሩ ወጣቶቻችን ዛሬ በውጭ አገር መርከቦች ላይ ያገለግላሉ። በ2010 ዓ.ም. በማኒላ የተሻሻለው የዓለም የመርከበኞች ሥልጠና ስምምነትም የመርከብ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መኰንንን ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ አድርጎታል። በሒሳብና በፊዚክስ ለሚተጋ ተማሪ ይህ ትንሽ ዕድል አይደለም።

ወደ መዳቡ ሰንሰለት ተመልሰን እናብቃ። እነዚያ መርከቦች የጠፉት መከላከያ በማጣት ሳይሆን መከላከያውን በሣጥን ቆልፎ በማስቀመጥ ነበር። የመሣሪያው መመሪያ በቁም ሣጥን ተቆልፎበት፥ ከኤሌክትሪክ መዛባት የሚጠብቀው ዕቃ ከነማሸጊያው በዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጦ፥ መሣሪያው ግን ያለ ጠባቂ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት እኛም ዘንድ አለ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ፥ ቅጠሉ በእጅ እንጂ በሣጥን ይሁን አላሉም። እንግዲህ ወጣቱ ሹም ነገ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ሰንሰለቱ የት እንዳለ ቢጠይቅ መልካም ነው።