የሽምብራ ጥራት የሚጀምረው ከማሳው ነው

ሽምብራ ገዝቶ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ ጆንያውን አስፈትቶ ከእህሉ እፍኝ ሲያነሣ በመጀመሪያ የሚመለከተው የፍሬውን ትልቅነትና ቀለም ነው፤ ቀጥሎም የተበሳ ፍሬ መኖር አለመኖሩን ይመረምራል። የተበሳው የበዛ እንደ ሆነ ዋጋው ይወርዳል፤ ለማበጠሪያና ለመልቀሚያ የሚወጣውም ገንዘብ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ጉዳቱ ሁሉ ነቀዝ በመጋዘን ውስጥ ያደረሰው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ እህሉ ገና በማሳ ላይ ሳለ የሚያበላሸው ጓይ ትል የተባለው ተባይ ነው።

በአድአና መረሬ መሬት ባላቸው በሌሎችም ቦታዎች ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ የሚያድገውም አፈሩ አምቆ በያዘው እርጥበት ነው። ሰብሉ ማበብ ሲጀምር የጓይ ትል እናት የሆነችው የእሳት ራት እንቁላሏን በላዩ ትጥላለች። የተፈለፈለውም ትል በመጀመሪያ ቅጠሉን፣ በኋላም ቆረቆንዳውን በስቶ ፍሬውን ይበላል። አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ከዘለቀ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም። ከዚህም በላይ ይህ ተባይ ብዙ ዓይነት መድኃኒቶችን በመልመድና በመቋቋም በዓለም የታወቀ ነው።

መድኃኒት ማብዛት ደግሞ በንግዱ ላይ ሌላ ችግር ያስከትላል። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ገደብ ላልተወሰነለት ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚፈቅደው ቅሪት በአንድ ኪሎ ግራም እህል 0.01 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ክሎርፒሪፎስ የተባለው መድኃኒትም እ.ኤ.አ. በ2020 በኅብረቱ አገሮች ፈቃዱ ሳይታደስ ቀርቷል። ስለዚህ ያለ ልክ የተረጨ ሰብል ከትል ቢድን እንኳ ከገበያ ሊቀር ይችላል።

ለዚህ ችግር ከሚበጁት ዘዴዎች አንዱ በሽምብራው መካከል ድንብላል አሰባጥሮ መዝራት ነው። የድንብላል አበባ ጥቃቅንና ክፍት ስለሆነ ትንንሽ ተርቦች ማሩን ለመቅሰም ይመጡበታል። ከእነዚህም ተርቦች አንዳንዶቹ እንቁላላቸውን በለጋው ጓይ ትል ሰውነት ውስጥ ይጥላሉ፤ የተፈለፈለውም የተርብ ልጅ ትሉን ከውስጥ በልቶ ይገድለዋል። በሕንድ አገር በተደረጉ የመስክ ጥናቶች ሽምብራ ከድንብላል ጋር በተዘራበት ማሳ በተርብ የተያዙት ትሎች ብዛት መጨመሩ ታይቷል።

ሆኖም ዘዴው ጥንቃቄ ይፈልጋል። የድንብላሉ መስመር ከበዛ የሽምብራውን እርጥበት ይሻማል፤ አበባውም ከሽምብራው አበባ ጋር ካልገጠመ ጥቅሙ ያንሳል። አጨዳውና ውቂያው ለየብቻ ካልሆነም የድንብላል ፍሬ በሽምብራው ውስጥ ባዕድ ነገር ሆኖ ይቆጠራል፤ ቢቀላቀል ግን ፍሬው አነስተኛ ስለሆነ በወንፊት ይለያል። በመጋዘን ያለውን ነቀዝ ድንብላሉ ስለማይከላከል የመጋዘን ንጽሕና እንደ ወትሮው መጠበቅ ይኖርበታል።

በዚህ ረገድ የነጋዴው ድርሻ ቀላል አይደለም። የተበሳውንና ጤናማውን ሽምብራ በአንድ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ፣ ገበሬው ለማሳው እንዳይደክም ያደርገዋል። በአንጻሩ ለጤናማው ፍሬ የዋጋ ልዩነት የሚከፍል፣ ድንብላሉንም ለበርበሬ ቅመም አብሮ የሚገዛ ነጋዴ ለገበሬው ሁለት ገቢ ያስገኝለታል፤ ለራሱም ለመልቀሚያ የሚያወጣውን ወጪ ይቀንሳል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በመጋዘን ከመልቀም ይልቅ በማሳ መጠበቅ ይሻላል።