የሁለት ቤት ልጅ

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ በማናቸውም ረገድ የጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ሆኖ እንዲቆጠር ከደነገገ በኋላ፣ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውም ዝምድና እንደ ተጠበቀ እንዲኖር፣ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ በሆነ ጊዜ ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ እንዲቀድም አድርጎ ነገሩን በጥንቃቄ ለየ። ሕጉ ያልሸሸገውን ዝምድና ግን ብዙ አሳዳጊዎች ከልጁ ይሰውሩታል፤ ይህንንም የሚያደርጉት ስለ ክፋት ሳይሆን፣ እውነቱን ያወቀ ዕለት ልቡ ይርቀናል ብለው ስለሚሠጉ ነው።

ምሥጢሩ ግን ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ነው። በአገራችን ሰው በአባቱ ስም የሚጠራ እንደ መሆኑ መጠን፣ ከፍ ብሎ ወደ አዲስ ቤት የገባ ሕፃን አምና በአንድ አባት ስም «አቤት» ሲል ቆይቶ በመስከረም በሌላ አባት ስም ሲጠራ፣ የወንበር ጓደኛው በዕረፍት ሰዓት «የድሮው አባትህስ?» ማለቱ አይቀርም። ገና በጨቅላነቱ የተወሰደውም ቢሆን፣ አያት ቅድመ አያቱን ቆጥሮ እንዲመጣ የቤት ሥራ በተሰጠው ቀን፣ ጎረቤት በሹክሹክታ ይዞት የኖረው ነገር ከክፍል ጓደኛ አንደበት ሊወርድበት ይችላል። ስለዚህ ገና መጠየቅ ሳይጀምር፣ በሚገባው ቃል፣ እውነቱን ሊነግሩት የሚገባቸው አሳዳጊዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሙሴን ያሳደገችው የፈርዖን ልጅ ብትሆንም የወለደችው እናቱ እንዳጠባችው መጽሐፍ ይነግረናልና፣ አንዲቱን እናት ማወቅ ሌላይቱን አያስክድም።

ይበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቀው የዕለት ኑሮው ነው። ረኃብ ያየ ሕፃን ራቱን በልቶ ከጠገበ በኋላ ቁራሽ ዳቦ ከትራሱ ሥር ሲሸሽግ ቢገኝ፣ ነገ እንደሚበላ ልቡናው ገና ስላላመነ እንጂ የሌብነት ጠባይ ስላለው አይደለምና፣ እናቲቱ ዳቦውን ነጥቃ ከምትቆጣ ይልቅ በትንሽ ሳህን ከድና «ይህ የአንተ ነው፤ ማንም አይነካብህም» ብላ ከራስጌው ብታኖርለት፣ መሸሸጉ ውሎ አድሮ ሊቀር ይችላል። ተግሣጽ በደረሰበት ጊዜ «አንቺ እናቴ አይደለሽም» ቢላትም የሚፈትነው ፍቅሯን ነው፤ በዚያች ሰዓት «ከወደቅህበት ያነሣሁህ እኔ» ብሎ ውለታ መቍጠር፣ በእኔ አስተያየት፣ ከዱላ የከፋ ነው።

ለክፍሉ ኃላፊ መምህርም በዓመቱ መጀመሪያ የሚበቃውን ያህል መንገር ይገባል፤ ምን ያህል እንደሚነገር ግን ልጁ ራሱ፣ ዕድሜው ከፈቀደ፣ ቢጠየቅ መልካም ነው። አስተዋይ መምህር የትውልድ ሐረግ እንዲጻፍ ባዘዘ ጊዜ የሁለቱንም ቤት ስም፣ ካልወደደም የአንዱን ብቻ እንዲጽፍ ይፈቅድለታል፤ ለዚህም አሳዳጊዎቹ ጉዲፈቻው የጸደቀበትን የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የትውልድ መንደሩን ስም፣ ፎቶግራፍም ካለ ፎቶግራፉን ከቤት አኑረው ሊጠብቁለት ይገባል።